ባዝራዋ አንገት ላይ ያሰርኳት ቀበሮ

የራዲዮ ማሰራጫዋ ከክብሪት ቀፎ አትበልጥም። ለጆሮ ድምፅ የላትም። በየሁለት ሰከንዱ ወደ አየር «ቲ፣ ቲ፣ ቲ» ትልና ዝም ትላለች፤ ያንን የሚሰማው የእጅ ራዲዮ የያዘ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ይደብቃታል፣ ሌሎቹ ራዲዮና አንቴና ይዘው ያስሷታል፣ ቀድሞ ያገኛት ያሸንፋል። ሽልማቱ ተሸናፊዎቹን እስከሚቀጥለው ወር ድረስ መስደብ ነው።

በሌላው ዓለም ያሉ፣ ራዲዮን እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ የያዙ የአማተር ራዲዮ ሰዎች የምትደበቀዋን ማሰራጫ ቀበሮ ይሏታል አሉ፤ እኛም እንጅባራ ላይ ቀበሮ እንላታለን። እኛ ስል ሦስት ነን፤ የራዲዮ ፈቃዱን ያወጣው የፊዚክስ መምህር፣ ጡረታ የወጣ የስልክ መስመር ሠራተኛ፣ እና እኔ፣ ራዲዮና ሞባይል ጠጋኙ። የሦስታችን ዕድሜ ቢደመር ዘንገና ሐይቅን ከታች እስከ ላይ ይሞላዋል። «ቀበሮ አደን ልንሄድ ነው» ስንል የሰማ የከተማ ሰው መጀመሪያ ላይ በጎቹን ያስገባ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን እኛን ሲያይ ልጆቹን ማስገባት ጀመረ።

መፈለጊያዬን ራሴ ነኝ የሠራሁት። ከክንድ ረዘም ያለ ቀርከሃ ቆረጥኩ፤ ከዚያ የአናጢ ብረት ሜትር ገዛሁና በመቀስ ሦስት ቦታ ቆራርጬ ቀርከሃው ላይ አግድም አሰርኩት። የዓሣ አጥንት በሉት። ረጅሙ ቁራጭ ከኋላ ይሆናል፣ አጭሩ ከፊት። ይህቺን ረጅምና አጭር አደራ ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች። ከሥሩ መያዣና የእጅ ራዲዮዬ አሉ፤ ከራዲዮው ወደ አንቴናው ሽቦ ይሄዳል። ሰውየው ቀስ እያለ ይዞራል፤ የቲቲታው ድምፅ ከሁሉም በላይ በጎላበት አቅጣጫ ቀበሮዋ አለች ማለት ነው። በጣም ከቀረባት ግን ድምፁ በሁሉም በኩል ይጮህና አቅጣጫ ይጠፋል። ያኔ አንቴናው ይነቀላል፣ ራዲዮው ደረት ላይ ይታቀፋል፣ ሰውየውም ባለበት ይሽከረከራል። የሰው ገላ የራዲዮውን ሞገድ ስለሚከልል፣ ድምፁ ሲሳሳ ቀበሮዋ ከጀርባው ናት። ነገሩ ሳይንስ ነው። ግን ሆዱ የገፋ ጎልማሳ እንጅባራ ገበያ መሃል ራዲዮ አቅፎ ሲሽከረከር ላየው ሳይንስ አይመስልም። አንድ ጊዜ አንዲት ባልቴት ሦስቴ አማትበውብኝ የትኛው ጠበል እንደሚሻለኝ በዝርዝር ነግረውኛል።

ባለፈው ጥር የመደበቁ ተራ የእኔ ነበር። ከዚያ በፊት ቀርከሃ ጫካ ውስጥ ደብቄ አገኙብኝ፤ ዳቦ ቤት ጣሪያ ላይ ሰቅዬ አገኙብኝ፤ አንድ ጊዜማ ቀብሬያት ቆፍረው አወጧት። የስልክ መስመር ሠራተኛው በየሻይ ቤቱ «የእሱን ቀበሮ በግም ያገኛታል» ይል ጀመር። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አሰብኩና የምትሄድ ቀበሮ መጣችልኝ።

የባለቤቴ ወላጆች የሚኖሩት ከጥርባ ወዲህ፣ የዘንገናን ሐይቅ ከጓሯቸው አድርገው ነው። አባቷን አባባ፣ እናቷን እማማ እላቸዋለሁ። እኔ ዳንግላ ተወልጄ ያደግሁ፣ አማርኛ ብቻ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ሃያ ዓመት አማች ሆኜ ከአዊኛ የለየሁት «ብላ»ንና «ጠጣ»ን ነው፣ እነሱንም በተግባር። አባባ አንዲት ዳማ ባዝራ አለቻቸው። ስለ እሷ ሳወራ አላጋንንም፤ ስትጋልብ ጥላዋ ወደ ኋላ ይቀርና ቤት የሚደርሰው በማግስቱ ነው። እማማ ግን አይወዷትም። ከዓመታት በፊት ክንዳቸውን ነክሳቸዋለች፣ ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ቆመው አያውቁም። ውኃ እንኳ ሲሰጧት ባልዲውን በረጅም እንጨት ገፍተው ነው።

የዚያ ሳምንት እሑድ የአዊ ፈረሰኞች በዓል ነበር። አባባ አምና ታመው ቀርተዋል። ልጆቻቸው ዘንድሮም ይቅሩ ይላሉ። እሳቸው ደግሞ ዘንድሮ ካልወጣሁ ከእንግዲህ የምወጣው በቃሬዛ ነው ብለው፣ ኮርቻውን አሳድሰው፣ ነጭ ልብሳቸውን አሳጥበው፣ ቀን እየቆጠሩ ነበር። እኔ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ያደረግሁት።

ቀበሮዋን ጤዛ እንዳያበላሻት የኮርቻ ዕቃ የሚሰፋ ሰው ዘንድ ወስጄ በጥቁር ቆዳ አሰፋኋት። ጥብቅ ያለች፣ አራት ማዕዘን፣ ጠፍር ያላት ሆነች። ሰፊው ሲያስረክበኝ ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለፈረስ አልኩት። ፈረሱን ምን ነካው አለኝ። ምንም፣ ጤነኛ ናት አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ዞረ። እዚያ ላይ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። አባባ ለቅሶ ሄደዋል፣ እማማ ቤት ውስጥ ናቸው። ባዝራዋን ከችካሏ ፈትቼ ወደ አጥሩ አስጠጋሁና ጠፍሩን ከጋማዋ ሥር አሰርኩት፤ ከዚያ መልሼ ችካሉ ላይ አሰርኳት። አሰርኳት መሰለኝ። ለማንም ሳልናገር በራሴ ብልጠት እየሳቅኩ በሚኒባስ እንጅባራ ገባሁ። ለጓደኞቼ በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፍለጋው ይጀመራል ብያቸዋለሁ። ቀበሮዋ ሣር እየጋጠች ቦታ ስትቀይር የስልክ መስመር ሠራተኛው ፊት ምን እንደሚመስል እያሰብኩ እንቅልፌን ጠገብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለሁ አባባ ደወሉ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም።

«ባዝራዬ የለችም» አሉኝ።

ችካሉ አለ፣ ገመዱም እሷም የሉም። ጎረቤቱን ሁሉ ዞረው ጠይቀዋል። እማማ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ ስልካቸው እንደ ልማዱ ትራስ ሥር ይጮኻል። «ነገ በእግሬ ቆሜ ለሰው ፈረስ ላጨበጭብ ነው?» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ትላንት ችካሉ ላይ ያሰርኩት ቋጠሮ። አጥብቄው ነበር? እጆቼን እያየሁ ሁለት ነገር አስታወስኩ፤ በአንዱ ገመዱን ሳጠብቅ፣ በሌላው ገመዱን ትቼ የጮኸ ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ። ሁለቱም እኩል እውነት ይመስላሉ። እስካሁንም የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ቀጥሎ ግን ሳቄ መጣ። ከምድር ወገብ እስከ ሰሜን ዋልታ አንገቷ ላይ ማሰራጫ ታስሮላት የጠፋች ባዝራ ይህቺ ብቻ ናት፤ የሚፈልጋት ዕቃ ደግሞ እኔ አልጋ ሥር ተኝቷል። ለጓደኞቼ ፍለጋው ለከሰዓት ተላልፏል አልኳቸውና ባጃጅ ያዝኩ። አንቴናው ባጃጅ ውስጥ አልገባ ስላለ መያዣውን ፈትቼ ታቅፌው ሄድኩ፤ እንደደረስኩ በችኮላ መልሼ ገጠምኩት።

አባባ ከበራፉ ቆመው ጠበቁኝ። እንዴት ልታገኛት ነው ሲሉኝ የመለስኩትን ባልጽፈው በወደድኩ። «ለጥንቃቄ ብዬ አንገቷ ላይ ትንሽ ነገር አስሬባት ነበር» አልኳቸው። ለጥንቃቄ! አባባ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አስተዋይ ሰው አዩኝ። አስተያየታቸውን ስለወደድኩት ዝም አልኩ።

አንቴናዬን አንስቼ ጓሮው መሃል ቀስ ብዬ ዞርኩ። ድምፁ ሳሳ፣ ጎላ፣ ሳሳ፤ ከዚያ በአንድ በኩል ጥርት ብሎ «ቲ፣ ቲ፣ ቲ» አለ። አንቴናው የሚያመለክተው ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ነው።

«እንዲያው ልታስቀድስ ሄደች በለኛ» አሉ አባባ።

ያኔ ወደ እጄ ሳይ ረጅሙ የሜትር ቁራጭ ከፊት፣ አጭሩ ከኋላ ሆኖ አገኘሁት። በችኮላ ገልብጬ ነው የገጠምኩት። ስለዚህ ቀበሮዋ ያለችው በተቃራኒው ነው። ይህን ለአባባ እንደ ሐኪም ድምፄን ዝቅ አድርጌ አስረዳሁ፤ መሣሪያው እንዳልተሳሳተ፣ ያዡ ብቻ እንደተሳሳተ፣ ያዡም ወዲያው እንዳረመው። አንቴናውን አስተካክዬ ዞርኩ። አሁን የሚያመለክተው በቀጥታ ወደ ሐይቁ ነው። አባባ አንዴ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ፣ አንዴ ወደ ሐይቁ አዩና ዱላቸውን አንስተው ተከተሉኝ።

መንገድ ላይ አንድ ሰው ማሳው ዳር ቆሞ ከሩቅ ጀምሮ ያየኝ ነበር። ስንደርስ ዓይኑ ከአንቴናው አልነቀል አለ። አባባ ስለ ባዝራዋ በአዊኛ ጠየቁት፤ እሱ ግን በአማርኛ ለእኔ መለሰልኝ። ምንም እንዳላየ፣ ማንም እንዳላለፈ፣ የእሱ መሬት ባለፈው ዓመት ተለክቶ ደብተር እንደወጣለት፣ ድንበሩ ያቺ ዛፍ እንደሆነች፣ ሁለተኛ የሚለካበት ምክንያት እንደሌለ ነገረኝ። ለካ ሦስቱን የሜትር ቁራጭ አይቶ መሬት ለኪ አድርጎኛል። አይደለሁም ብል ባሰበት፤ መሬት ለኪ ሆኖ መሬት ለኪ ነኝ ያለ ማን አለ። አባባ ሊስቁ ሞከሩ፣ ሳቁ ግን አልወጣ አላቸው።

ዘንገና ክብ ነው። ዙሪያውን ገደልና ዛፍ፣ መሃሉ ውኃ። ከአፋፉ ቆሜ አንቴናዬን ሳነሳ ድምፁ እንደ ርችት ፈነዳ። ደስ አለኝ። ወደ ግራ ዞርኩ፣ ጎላ። ወደ ቀኝ ዞርኩ፣ ጎላ። ወደ ማዶው ገደል አነጣጠርኩ፣ እዚያም ጎላ። ሞገዱ ከገደል ገደል እየነጠረ ሐይቁ ሙሉ ቀበሮ ሆነብኝ። አንቴናውን ነቅዬ ራዲዮውን ታቀፍኩና ተሽከረከርኩ፤ ድምፁ አንዴ ወደ ሐይቁ ስዞር ይሳሳል፣ አንዴ ጀርባዬን ስሰጠው። ራዲዮውን ብብቴ ሥር ከተትኩ፣ በኮቴ ሸፈንኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ቀና አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ግራ ተጋብቼ አላውቅም፤ ሚስቴን ሳገባም ጭምር።

«ልጄ» አሉ አባባ በስተመጨረሻ፣ «የጠፋችብኝ ባዝራ አንዲት ናት። ለአንተ ግን አራት የጠፉ ይመስላል።»

ወደ ታች እንውረድ አልኳቸው። ከፍታ ቢቀየር ይለይልኝ ይሆናል ብዬ እንጂ አውቄ አልነበረም። ዛፍ እየያዝን፣ እየተንሸራተትን ወረድን። ውኃው ሊነካን ሲቀርብ ራዲዮው ዝም ሊል በማይችል አኳኋን ይጮህ ጀመር። ከፊት ለፊታችን አንድ ቁጥቋጦ ወደ ውኃው ዘንበል ብሏል። ጫፉ ላይ ያቺ ጥቁር ቆዳ ከነጠፍሯ ተንጠልጥላለች። ባዝራ የለም። ከቁጥቋጦው ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ውኃ፣ ውኃው ደግሞ ዝም ያለ።

አባባ ቆዳዋን አዩ፣ ውኃውን አዩ። አንገቷ ላይ አስሬያታለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። እዚያው መሬት ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። በእጃቸው መዳፍ ጉልበታቸውን ይጠርጉ ነበር፣ አቧራ ያለበት ይመስል።

ሁልጊዜ የምናገረው የማላጣ ሰው ነኝ። ለቅሶ ቤት ሰው አስቃለሁ። እዚያ ግን ከአፌ የወጣው እውነቱ ነው። «አባባ፣ ለጥንቃቄ አልነበረም» አልኳቸው። «ጓደኞቼን ላሞኝ ብዬ ነው ያሰርኩባት። ፈትቼም ነበር። መልሼ በደንብ ማሰሬን እርግጠኛ አይደለሁም።»

አባባ ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ጠዋት ያገኘሁት የአስተዋይ ሰው ማዕረግ ከፊታቸው ላይ ሲገፈፍ ታየኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። «አምጣት» አሉ፣ ቆዳዋን በአገጫቸው እያመለከቱ።

በሆዴ ተኝቼ፣ በአንቴናው ጫፍ ስቤ አወጣኋት። አባባ ተቀብለው አገላበጧት። ከጠፍሩ ጫፍ አንድ ድንጋይ ተንጠልጥሏል፤ ድንጋዩ የታሰረው በጨርቅ ቅዳጅ ነው፣ አረንጓዴ ጥለት ባለው። አባባ ጨርቁን በጣታቸው መሃል አሻሹት።

«ይኼ የሚስቴ መቀነት ነው» አሉ።

ባዝራ የራሷን አንገት ማሰሪያ ፈትታ ድንጋይ አታስርበትም፤ ይህ ግልጽ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለእኔ ጨለማ ነበር። እማማ ያቺን ባዝራ በእንጨት ካልሆነ አይነኳትም። አባባ ግን ቆዳዋን እያዩ ቀስ በቀስ ገባቸው፤ ፊታቸው ላይ ሲገባቸው አየሁት። ከአንገታቸው ሥር በክር የታሰረ የራሳቸውን ክታብ ጎትተው አወጡና ከቀበሮዋ አጠገብ አደረጉት። ጥቁር ቆዳ፣ አራት ማዕዘን፣ ጥብቅ ያለ ስፌት። መንትያ ናቸው።

ሰፊው ለምን ራሱን እንደነቀነቀ ያን ጊዜ ገባኝ። በበዓል ዋዜማ የማይታወቅ ክታብ ባዝራ አንገት ላይ የተገኘ እንደሆነ፣ ይህ የተቀናቃኝ ሥራ ነው፣ ፈረሰኛውን ሊጥል ነው። እማማ እንደዚያ ሳያስቡ ሊቀሩ አይችሉም ነበር። እኔ ቀበሮ የደበቅኩ መስሎኝ መተት አስሬ ሄጃለሁ።

ዳገቱን አባባ ቀድመውኝ ወጡ። እኔ እያለከለክሁ ስከተል፣ ቤት ሳንደርስ ከቤተ ክርስቲያኗ በሚመጣው መንገድ ላይ አየናቸው። እማማ ከፊት፣ ባዝራዋ ከኋላ። ገመዱን ክንዳቸው ላይ ሁለቴ ጠቅልለው፣ ያ የተነከሰው ክንዳቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ይጎትቷታል። ባዝራዋ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ረጥባ ታንጠባጥባለች። እማማም ከእሷ አይሻሉም። በጠዋት ክታቡን አይተው በእንጨት ፈልቅቀው አውልቀዋል፣ ሐይቅ ወስደው ከነድንጋዩ ወርውረዋል፣ ከዚያ እየፈሯትም ቢሆን ባዝራዋን ይዘው ከቤተ ክርስቲያኗ ጠበል በታች ለከብት ወደ ተተወው ወራጅ ውኃ ሄደዋል። ለአባባ ያልነገሯቸው፣ ቢነግሯቸው ዱላ ይዘው ጎረቤት ላይ ይወጣሉ ብለው ነው።

አባባ ባዝራዋን ሲያዩ ሮጡ። ሰባ ዓመት አለፈኝ የሚሉ ሰው ሮጡ። እማማ ግን የሚያዩት ባዝራዋን አይደለም፤ አባባ እጅ ላይ ያለውን ነው። በገዛ እጃቸው ዘንገና የጣሉት ነገር ተመልሶ መጥቷል። ገመዱን ከክንዳቸው አራግፈው ጣሉት።

«ሰባት ቀን ላስጠምቃት ተስያለሁ» አሉ። «ሰባቱ ቀን ሳይሞላ ማንም አይቀመጥባትም።»

ነገ በዓሉ ነው። አባባ ባዝራቸውን አገኟት፣ ነገን ግን አጡት። ወደ እኔ ዞር አሉ። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ተናገርኩም። እማማ፣ ይህ መተት አይደለም፣ የእኔ ነው፣ ውስጡ ባትሪ ነው፣ ጨዋታ ነው አልኳቸው። የቀበሮ አደኑን፣ ጓደኞቼን፣ ሰፊውን ሁሉ ዘረዘርኩ።

እማማ ሰሙኝና ሳቁ። ማመን አይደለም፤ እኔ ያልኩትን ነገር ሁሉ የሚስቁበትን ሳቅ ነው የሳቁት። ባለፈው ፋሲካ ዳንግላ ላይ አንድ ዶሮ ባጃጅ ሲነዳ አይቻለሁ ብያቸው ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አዘና ገበያ ላይ የአንድ ሰው ጢም ተነጥሎ ተሸጠ ብያለሁ። «አንተ ልጅ ሰው ሲጨነቅ እንኳ አትተውም» አሉኝ፣ ጉንጬን እየነኩ። እሳቸውን ለማጽናናት ውሸት የሚፈጥር ደግ አማች አደረጉኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የዋሸሁት ሁሉ ተሰብስቦ መጥቶ በአንዲቷ እውነቴ ላይ ተቀመጠባት።

ማልኩ። ስምል ባሰ፤ እኔ ስዋሽም ነው የምምለው። በመጨረሻ ራዲዮውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። አባባ ቆዳዋን ቤቱ ውስጥ የፈለጉት ቦታ ይደብቁ፣ እርስዎ በዚህ ይፈልጓት፤ መተት ከሆነች አትጠራዎትም፣ ዕቃ ከሆነች ትጠራዎታለች አልኳቸው። መተት ራዲዮ ላይ እንደማይናገር በምን እንዳወቅሁ እኔም አልገባኝም። እማማ ግን አሰቡበት። አማትበው ተቀበሉኝ።

አባባ ገቡና ወጡ። እማማ ራዲዮውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ደጅ ላይ መሽከርከር ጀመሩ። እንዴት እንደሚዞር አንዴ ብቻ ነው ያሳየኋቸው። ውኃ የሚያንጠባጥበው ነጠላቸው በዙሪያቸው እየተዘረጋ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን አዘንብለው፣ ድምፁ ሲሳሳ ቆም ይሉና ወደ ጀርባቸው ይራመዳሉ። እኔ ሦስት ዓመት የፈጀብኝን ነገር እሳቸው በሦስት ዙር ያዙት። ወደ ቤት ገቡ፣ መደቡን አለፉ፣ ጎተራውን አለፉ፣ ጥግ ላይ ቆሙ። ጥጉ ላይ ያለው የአባባ ኮርቻ ነው፤ በአዲስ ቆዳ የታደሰው፣ ላዩ ላይ ነጩ ልብስ ታጥፎ የተቀመጠበት።

ራዲዮውን መደቡ ላይ አስቀመጡ። ልብሱን አነሱ፣ ኮርቻውን በሁለት እጃቸው ቀና አደረጉ፣ ከሥሩ ቆዳዋን በባዶ እጃቸው አወጡ። ኮርቻውን በጣታቸው እየነካኩ፣ አዲሱን ስፌት፣ የተወለወለውን ቀለበት፣ ቆዩ። ከበራፉ ላይ አባባ ቆመዋል፤ ልብሱ እንዳይጨማደድ ብቻ የፈሩ ይመስላሉ።

እማማ በአዊኛ አንድ ነገር አሏቸው። አባባ አጭር መለሱ። አሁንም ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ባለቤቴን ጠይቄያት «የእነሱ ነው» ብላኛለች። ከዚያ እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኼ ሁሉ ለጨዋታ?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው።

ባዝራዋ ነገ ትውጣ አሉ። ስለቱ ግን አንዴ ተነግሯል፣ ተነግሮ አይመለስም፤ የዛሬው አንድ ቀን ተቆጥሮላት፣ ቀሪው ስድስት ቀን መከፈል አለበት። ለእሷ ካልሆነ ለማን እንደሚሆን ለማወቅ መፈለጊያ አላስፈለገም።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በጥር ብርድ ጠበሉ ሥር ቆሜ ነበር። ያ ውኃ በረዶ ሊሆን ሞክሮ ሰነፈ እንጂ ከበረዶ አይሻልም፤ አጥንቴ ውስጥ ያለው መቅኔ እስከ ሚያዝያ አልቀለጠም። ከዚያ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሜዳው ላይ ደረስኩና በሰው ትከሻ መሃል አየሁ። አባባ ከፊተኛው ረድፍ ነበሩ። አላስጋለቧትም፤ ልጆቻቸው አስምለዋቸዋል። በእርምጃ ብቻ፣ ወገባቸው ቀጥ ብሎ አለፉ። እማማ ከአጠገቤ ቆመው ነበር። ስታልፍ ባዝራዋን «ነካሽ» አሏት፣ ቀስ ብለው።

ጓደኞቼ ቅዳሜ ማታ ነገሩን ሰምተው ውሳኔ አሳልፈዋል። በጨዋታው ሕግ ቀበሮዋን ያገኘ ያሸንፋል፣ ስለዚህ አሸናፊዋ እማማ ናቸው፤ እኔን የመስደብ መብትም የእሳቸው ነው። እማማ መብታቸውን በየእሑዱ ይጠቀሙበታል።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይዞኛል። አራተኛው ቀን ላይ፣ ከጠበሉ ስንመለስ፣ እማማ ያን ጠዋት መጀመሪያ መሣሪያው የት ነው ያመለከተህ ብለው ጠየቁኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያኗ አልኳቸው። «ባዝራዋ የት ነበረች?» አሉኝ። ቤተ ክርስቲያኗ ጋ። «ታዲያ ምን ብለህ ወደ ሐይቅ ሄድክ?» አሉኝ። ገልብጬ ስለያዝኩት ነው አልኩ፤ ረጅሙ ከፊት ስለነበረ፣ አጭሩ ከኋላ፣ የፈለግሁት ማሰራጫዋን እንጂ ባዝራዋን ስላልነበረ። ወረቀት አውጥቼ ሣልኩላቸው። ሥዕሉ ትክክል ነው፤ የፊዚክስ መምህሩም ትክክል ነው ብሏል። እማማ አገላብጠው አዩትና መልሰው ሰጡኝ።

አሁን የመፈለጉ ተራ ሲደርሰኝ፣ ጓደኞቼ ሳያዩኝ፣ አንቴናውን መጀመሪያ ገልብጬ አንድ ዙር እዞራለሁ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ከዚያ አስተካክዬ እይዘውና ሥራዬን እጀምራለሁ።